ልጃችን 19 ዓመት ሞላው፤ እህቱ ትምህርቷን ትታ ትመለስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። የበኩር ልጃችን 19 ዓመቱ ነው፤ በ4 ዓመቱ ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። አይናገርም፤ የሚፈልገውን እጃችንን ይዞ ያሳየናል። እስከ 16 ዓመቱ ልዩ ፍላጎት ክፍል ይማር ነበር፤ ከዚያ ‹ዕድሜው አልፏል› ተብሎ ቤት ቀረ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ፊቱን በቡጢ ይመታል፣ ሌሊት አይተኛም፣ እናቱን ሁለቴ ነክሷታል። ሁለት ጊዜም አምልጦ ፍቅር ሐይቅ ዳር አገኘነው። ባለቤቴ በጣም ስትደክም ክፍሉን ቆልፈንበት ታርፋለች። ዘመድ ‹ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህቱ ትመለስና ትያዘው› ይላል። ሌላው አዲስ አበባ ማዕከል አስገቡት፣ ሌላው ጸበል፣ ሌላው የሚያስተኛ መድኃኒት ይላል። ኦቲዝሙ እየባሰበት ነው? እኛ ካለፍንስ? ለእህቱ ውክልና ብንሰጣት ይበቃል?»

እህቱ ትምህርቷን አታቋርጥ። እናንተም ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ አዲስ አበባ አትግቡ። የሁለቱንም ምክንያት ከታች እሰጣለሁ፤ አስቀድሞ ግን «እየባሰበት ነው» የሚለው ግምት መታረም አለበት። ኦቲዝም አንጎል ከመነሻው ያደገበት መንገድ ነው፤ በዕድሜ ብዛት እየጠነከረ የሚሄድ በሽታ አይደለም። 18 ዓመት ሙሉ ራሱን ያልመታ ልጅ አሁን ፊቱን መምታት ከጀመረ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። መናገር ለማይችል ሰው ያ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ነው፣ አለዚያም ቀኑ ባዶ መሆኑ ነው። የእናንተ ልጅ ላይ ሁለቱም ሳይኖሩ አይቀርም።

ከሕመሙ እንጀምር። የት እንደሚመታ አስተውሉ። ሁልጊዜ አንድ ጎን፣ መንጋጋው ወይም ጆሮው አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥርስና ጆሮ ነው። በዚህ ዕድሜ ከኋላ የሚበቅለው የመጨረሻ መንጋጋ ድዱን ሊያቆስለው ይችላል፤ ጥርሱን በአግባቡ የማያስቦርሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ የተቦረቦረ ጥርስ መኖሩ አይገርምም። በልቶ ጋደም ሲል የሚብስበት ከሆነ ጨጓራውን አስመርምሩ። የሆድ ድርቀት በብዛት ይዘለላል፤ ምግብ የሚመርጥና ውኃ የማይጠጣ ልጅ በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ከተጸዳዳ ወይም ሲወጣ የሚያስጨንቀው ከሆነ ደርቆበታል። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ፦ ሰገራ ሲጠራቀምና ሲደርቅ ፈሳሹ በጎኑ እያመለጠ ልብስ ያበላሻል። ቤተሰብ ተቅማጥ መስሎት የተቅማጥ መድኃኒት ሲሰጥ ድርቀቱ ጭራሽ ይብሳል።

የሚጥል በሽታም መታየት አለበት። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አንዳንዶቹ ላይ የሚጀምረው ደግሞ ገና በጉርምስና ነው። መውደቅ ብቻ አትጠብቁ። ለሰከንዶች ፈዝዞ ስሙ ሲጠራ አለመመለስ፣ ጠዋት ምላሱ ተነክሶ መገኘት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ የቆየ ልጅ በሌሊት አልጋ ማርጠብ፣ ሳይታሰብ ከንፈር ማላመጥ ምልክቶች ናቸው። ከጣለው በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪትም አታሽትቱት። 5 ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪም ጋ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን፣ ያደረገውን፣ እንዴት እንዳቆመ ጻፉ። «ዛሬ ረበሸ» አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «ረቡዕ 6፡40፤ እናቱ ምሳ ስታሞቅ፤ ቀኝ ጉንጩን 5 ጊዜ መታ፤ ምግቡ ሲቀርብ አቆመ።» በማግሥቱ ደግሞ «ቆሎ እየቆረጠመ፤ ቀኝ ጉንጩን መታ፤ ቆሎውን ጥሎ ትራስ ላይ ጉንጩን ተጫነ» ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ ሁለተኛው ሕመም። ሁለቱን የሚለየው ደብተሩ ብቻ ነው። ሲመታ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ቅረጹ፤ ክሊኒክ ሲደርስ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ስለሚችል ያ ቪዲዮ ከእናንተ ገለጻ ይበልጣል።

በአካባቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን አቀፍ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብትሄዱ የአእምሮ ሕክምናውንም ሌላውንም ምርመራ አንድ ግቢ ውስጥ ታገኛላችሁ። ከቀጠሮው በፊት በአንድ ጸጥ ባለ ከሰዓት በኋላ ወስዳችሁ በሩን፣ ወንበሩን፣ ኮሪደሩን አሳዩትና የሚወደውን ነገር ሰጥታችሁ ተመለሱ። በቀጠሮው ቀን አንዳችሁ ወረፋ ይያዝ፣ እሱ ከሌላው ጋር ውጭ ዛፍ ሥር ይቆይ፤ ተራው ሲደርስ ብቻ ይግባ። አፉን አልከፍትም ካለ ጥርሱ በማደንዘዣ ሊታይ እንደሚችል ጠይቁ። «አልተባበረም» ተብሎ ሳይመረመር መመለስ የለበትም።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ራስን መምታትንና ከባድ ቁጣን ለማለዘብ ሪስፐሪዶንና አሪፒፕራዞል የሚባሉት ይታዘዛሉ። የሚታዘዙት ግን ሕመም ከተፈለገና ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ጥርሱን የሚያመውን ልጅ ማስተኛት ጥርሱን አያክመውም። ከታዘዘ መጠኑ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ ይላል፤ ከመጀመሩ በፊትና በየወሩ ክብደቱን መዝኑ፣ የደም ስኳሩም ይታይ፤ የምግብ ፍላጎቱ በጣም ሊጨምር፣ ጡቱም ሊያብጥ ይችላል። አንገቱ ወደ ጎን ከተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ይህ በተለይ ሃሎፔሪዶል በሚባለው ሌላ መድኃኒት ያጋጥማል፣ ቶሎም ይስተካከላል። የሚጥል በሽታ ተገኝቶበት ፊኖባርቢታል ከተጀመረለትና ቁጣው ከጨመረ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ያን ማድረግ የሚታወቅ ጠባዩ ነው። ማንኛውንም በራሳችሁ በአንድ ጊዜ አታቋርጡ።

ጸበል መውሰድ የእምነታችሁ ጉዳይ ነው፤ ሂዱ። ሦስት ነገር ግን አይደረግ፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ አይታሰር፣ ያለ ምግብና ውኃ አይዋል። ቤት ውስጥ ክፍል ቆልፎ መተውም ያው ነው። እሳት ቢነሳ ወይም ቢጥለው ማን ይደርስለታል? እናቱ ማረፍ አለባት፤ ማረፊያው ግን ቁልፍ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ባዶው ቀን። እስከ 16 ዓመቱ ጠዋት ተነስቶ፣ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ያው መንገድ ሄዶ፣ ያው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ያ ሁሉ በአንድ ቀን ተቆረጠ፤ ምክንያቱን የሚነግረውም አልነበረም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማያውቅ ሰው እያንዳንዱ ሰዓት ስጋት ነው። የሚያስፈልገው በፎቶ የተሠራ የቀን ሰሌዳ ነው። የራሱን ነገሮች በስልክ አንሱ፦ የሱን ባልዲ፣ የሱን ሳህን፣ የሚጠርገውን ግቢ፣ የሚገዛበትን ዳቦ ቤት። በመዳፍ መጠን አሳትማችሁ በካርቶን ላይ ለጥፉና በፕላስቲክ ሸፍኑ። ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች 4 ብቻ ስቀሉ። አንዱ ሲያልቅ ራሱ ነቅሎ ሳጥን ውስጥ ይጨምረው፤ «አለቀ» የሚለውን የሚማረው በዚህ ነው። ሲለምደው 6 ይሁን። ብዙ ቤት ይህ የሚከሽፈው በመጀመሪያው ቀን 15 ሥዕል ተሰቅሎ፣ በሦስተኛው ቀን ማንም ስለማያየው ነው።

ሥራም ይስጡት፣ የምሩን። የ19 ዓመት ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ በሕፃን መጫወቻ ፊት መቀመጥ የለበትም። ውኃ መቅዳት፣ እንቁላል በትሪ መደርደር፣ ችግኝ ጣቢያ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፈር መሙላት፣ ሱቅ ውስጥ ሳሙና መደርደር ይችላል፤ ተመሳሳይና መጨረሻው የሚታይ ሥራ ይስማማዋል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ግን አይሁን፤ ሽታው፣ ጩኸቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ግርግር ለሱ አይሆንም፣ ውኃውም አጠገቡ ነው። በ20 ደቂቃ ጀምሩ፤ ከማስጠላቱ በፊት አቁሙ። ለገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥና በሐምሌ 19፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጨምበላላም የበዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ ሲሞላ ከተማው እንደሚጮህ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ፤ በነዚያ ቀናት ወደ ጸጥተኛ ዘመድ ቤት ይሂድ፣ ፎቶውም ከዋዜማው ሰሌዳው ላይ ይሰቀል።

«አይናገርም፣ አልፎበታል» የሚለውን ተዉት። አፍ ባይፈታም መጠየቅን በ19ም በ40ም መማር ይቻላል። በሁለት ካርድ ጀምሩ፦ አንዱ አጥብቆ የሚወደው ምግብ፣ ሌላው የተዘረጋ መዳፍ ሥዕል ያለበት «በቃኝ»። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እናቱ ፊት ለፊት ምግቡን ይዛ ትቀመጥ፣ ምንም አትናገር። አባቱ ከኋላ ሆኖ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ካርዱ ይምራው፤ ካርዱ እናቱ መዳፍ ላይ ባረፈበት ቅጽበት ምግቡ ይሰጠው። በቀን 10 ጊዜ ያህል፣ በትንሽ በትንሹ። ከኋላ ያለው እጅ በየቀኑ እየላላ ይሂድ። «በቃኝ»ን ሲሰጥ ደግሞ የያዘውን ሥራ ወዲያው አስቁሙለት፣ ቢያናድዳችሁም። በቡጢ የሚለውን በካርድ ሊል የሚችለው ካርዱ እንደ ቡጢው ቶሎ ሲሠራለት ነው። እናቶች የሚቸገሩበት ቦታ አንድ ነው፤ ፊቱን አይተው ሳይጠይቅ ይሰጡታል። ስለዚህ መጠየቅ የሚያስፈልገው ምክንያት አያገኝም። ቤታችሁ ሲዳምኛም አማርኛም የሚነገርበት ከሆነ «አንዱን ተዉ፣ ግራ ይጋባል» የሚለው ምክር መሠረት የለውም፤ እንደ ልማዳችሁ አናግሩት።

ሐይቁ ከሁሉም አጣዳፊ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆችና ወጣቶች ውኃ ይስባቸዋል፤ ከቤት ጠፍተው ከሚሞቱት መካከል መስጠም ዋነኛው ምክንያት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ። ሁለት ጊዜ እዚያ ከተገኘ ሦስተኛውም እዚያ ነው። የግቢውን በር መቀርቀሪያ ከቁመቱ በላይ ወይም እጁ በማይደርስበት ውጫዊ ጎን አድርጉ፤ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ቃጭል ይንጠልጠልበት። ስልክ ቁጥራችሁ የተቀረጸበት አምባር በእጁ ይኑር፤ አምባር ካልወደደ በሸሚዙ ውስጥ ይሰፋ። በሰፈሩ የባጃጅ ተራ ላይ ላሉት ልጆችና ለሐይቅ ዳር ጥበቃዎች ፎቶውን አሳዩ፤ «ካያችሁት አትሩጡበት፣ አትጩኹ፣ ደውሉልን» በሏቸው። ሲጠፋ አንድ ሰው ቤት ይቅር፣ አንዱ በቀጥታ ወደ ውኃው ይሂድ። ጎረቤት ለጎረቤት መጠየቅ ከዚያ በኋላ ነው። በቀን አንዴ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከአባቱ ጋር እጅ ለእጅ ሆኖ ሐይቁን አይቶ ቢመለስም ማምለጡ ይቀንሳል፤ ያም ሰሌዳው ላይ ፎቶ ይኑረው።

ባለቤትዎን በሚመለከት ግልጽ ልሁን። ይህ ሁሉ ሥራ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ከተጨመረ አይሠራም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ ተረቱ የማይነግረን ሎሚውን ቆጥሮ የሚያከፋፍል ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። «ዘመድ ይርዳን» ብሎ መጠበቅ ማንንም አያመጣም፤ «እገሌ፣ ማክሰኞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት» ሲባል ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ቋሚ ተረኛ አግኙ፦ አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ ካልሆነ በክፍያ የታመነ ወጣት። ጠንከር ያለ ወንድ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜያት እናቱ ባለችበት ይመልከት፣ ቀጥሎ ባሉት ሁለቱ እሱ ይሥራ እሷ ትመልከት፣ ከዚያ እሷ ከቤት ትውጣ። ወጥታም ገበያ አትሂድ፣ ትረፍ። ለሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ምግብ መጥላት፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ማለት ካለ ድካም ብቻ አይደለም፣ ድብርት ነው፤ ይታከማል፣ ለልጁ በተያዘው ቀጠሮ እሷም ትታይ።

ማጠብ፣ መላጨትና የጉርምስና ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ የአባት ሥራ ይሁን። ልጁ ሰውነቱን የሚነካካ ከሆነ አትምቱት፣ አታሳፍሩት፤ በሩ የተዘጋ የራሱን ክፍል አሳዩት፣ ሳሎን ውስጥ ሲጀምር በዝምታ ወደዚያ ምሩት። ቦታውን ይማራል። ልብሱን ማን እንደሚያወልቅለት ደግሞ የተወሰነና የታወቀ ይሁን። መናገር የማይችሉ ወጣቶች፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው፤ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሲሆን መሸሽ ከጀመረ ወይም ያልታወቀ ቁስል ከታየ ምክንያቱን ፈልጉ።

እህቱን ማስመለስ ለምን እንደማይጠቅም አሁን ይታያል። ችግሩ የሰው ማነስ ብቻ ሳይሆን ያልታወቀ ሕመምና ባዶ ቀን ነው፤ እሷ ብትመጣ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ፣ ቤቱ ደግሞ ነገ ደመወዝ የምታመጣ ልጅ ያጣል። ተገዳ የተመለሰች እህት ከዓመታት በኋላ ወይ ትሸሻለች ወይ ትማረራለች። የእሷ ድርሻ ሌላ ነው፦ ለዕረፍት ስትመጣ ካርዱንና ሰሌዳውን ትልመድ፣ ሰነዶቹ የት እንዳሉ ትወቅ፣ ወደፊት ምን ያህል ልትይዝ እንደምትችል ራሷ ትናገር። ሌሎች ወንድም እህቶች ካሉም ድርሻቸው ይጻፍ፤ ወንዶቹን ነፃ አውጥቶ ሴቷን መጥራት ልማድ ነው፣ ተገቢ ግን አይደለም።

አዲስ አበባን ያነሱት ሰዎች ምናልባት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱትን ጆይ ማዕከልን ወይም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አስበው ይሆናል። ለአገሪቱ ትልቅ ሥራ የሠሩ ማዕከላት ናቸው፤ ነገር ግን ልጅ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚመለስባቸው እንጂ ዕድሜ ልክ የሚያድርባቸው ቤቶች አይደሉም፤ ተጠባባቂያቸውም ብዙ ነው። የ19 ዓመት ልጃችሁ ቦታ ባያገኝ ቤት ኪራይ እየከፈላችሁ፣ እድራችሁንና ዘመዳችሁን ሐዋሳ ጥላችሁ ትቀራላችሁ። ለምክርና ለሥልጠና ግን ደውሉላቸው፣ አንዴም ሄዳችሁ እዩ።

«እኛ ካለፍንስ» ለሚለው፣ ውክልና መልሱ አይደለም። ልጁ የሚፈርመውን ስለማይረዳ ውክልና መስጠት አይችልም። እናንተ ለእህቱ የምትሰጡት ውክልና ደግሞ የእናንተን ጉዳይ ለማስፈጸም ነው፤ ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። በሕጉ 18 ዓመት ሲሞላው የወላጅነት ሥልጣናችሁ አብቅቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐብሔር ሕግ ለእንዲህ ያለው ሰው በዘመድ አመልካችነት ፍርድ ቤት በፍርድ ከልክሎ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሾምለት ይፈቅዳል። ይህ ግን በራሱ ስም የመዋዋል መብቱን የሚወስድ ከባድ ውሳኔ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ከመከልከል ይልቅ ማገዝን ያስቀድማል። ስለዚህ ቤት የሚሸጥ፣ ውርስ የሚከፈል ወይም በስሙ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ከሌለ አሁን አትጀምሩት። ሲያስፈልግ ግን የሐኪም ማስረጃው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

አሁን የሚያስፈልገው ኑዛዜ ነው። ያለ ኑዛዜ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ባለቤትዎ የጋራ ንብረቱን ግማሽ በራሷ ድርሻ ትወስዳለች እንጂ ወራሽ አይደለችም። የልጁን ድርሻ «ገንዘብ አያውቅም» ብላችሁ በቃል ለአንድ ወንድም አትስጡ፤ ወንድሙ ቢሞት ወይም ቢፋታ ድርሻው ከልጃችሁ እጅ ይወጣል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ቀን ተጽፎበት ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ የሥራ ኃላፊነቱን እየፈጸመ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። በራስዎ እጅ ከጻፉት ሙሉው በእጅ ጽሑፍ ይሁን፣ ኑዛዜ መሆኑ ይገለጽ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኑር፤ በኮምፒውተር አስተይቦ መፈረም ብቻ አይበቃም። ማን እንዲያሳድረው እንደምትመኙና የቤቱ አንድ ክፍል መኖሪያው ሆኖ እንዲቀጥል ጻፉበት። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ይየው።

ጡረታ ካላችሁ ለልጅ የሚከፈለው የተተኪ አበል የዕድሜ ገደብ አለው፤ በሕይወት እያላችሁ የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮውን በሕክምና ማስረጃ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁም ከ18 ዓመት በላይ ያለው ልጅ በደብተሩ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ እንደ ተጨማሪ አባል ሊያስከፍል ይችላል። የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳም ያውጡለት። ለፋይዳ የአሥሩም ጣቶች አሻራና የዓይን ፎቶ ስለሚወሰድ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ቤት ውስጥ ጣቶቹን መስታወት ላይ ማሳረፍና ስልክ ካሜራ ላይ ማየት አለማምዱት፤ ጣቢያው ሰው በሚያንስበት ሰዓት ውሰዱት። የነዚህ ሁሉ ኮፒ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የሚፈራው ድምፅ፣ ሲያመው የሚያሳየው ምልክት፣ የሚያረጋጋው ነገር ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ወረቀት ተጽፎ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ቤት፣ አንዱ እህቱ ጋ፣ አንዱ ተረኛው ጋ ይሁን፤ መድኃኒቱ በተቀየረ ቁጥርም ሦስቱም ይታረሙ።